አፀደ የምትወለድበት መንደር

መሰረት ልብስ ላሰጣ ወጥቼ ነው የሰማሁት ባይ ናት። ያን ቀን ሰማዩ ከጠዋት ጀምሮ ሲያካፋ ነበር የዋለው፤ በካፊያ ልብስ የሚያሰጣ ሰው ደግሞ በባሕር ማዶው ሰፈራቸው በዌስት ፉትስክሬይ ከመሰረት ሌላ የለም። ለማንኛውም አጥሩ ላይ ተለጥፋ፣ የረጠበ አንሶላ ታቅፋ፣ ጎረቤቷ አፀደ ከልጇ አማት ጋር ጓሮ በረንዳው ላይ ሲያወሩ ሰማች። የልጇ አማት ሩት ትባላለች፣ ካውልፊልድ የምትኖር ነጭ ናት፣ አይሁድ። ለአፀደ ብላ እንግሊዝኛውን ቃል በቃል እየቆረሰች፣ ሕፃን እንደሚያጎርስ ሰው ነው የምታወራው። ለመሰረትም ተመቻት።

«ጎንደር ስንገባ መጀመሪያ የምንሄደው አንቺ ወደተወለድሽበት መንደር ነው፣ ወደ አይሁዶቹ መንደር» አለች ሩት። «የልጅ ልጃችን ሊያ የአያቷን አገር ሳታይ ኢየሩሳሌም አትገባም።»

መሰረት አንሶላውን ገመዱ ላይ እንኳ አልጣለችውም። በማግስቱ ፉትስክሬይ በርበሬ መሸጫው ጋ ደርሳ ነበር፣ እሁድ ደግሞ ቤተክርስቲያን። ለሰማ ሁሉ፣ ላልሰማም ጎትታ፣ «አፀደ ለካ ፈላሻ ናት» አለች።

በጎንደር በኩል ያደገ ሰው ይሄን ሲሰማ ምን እንደሚመጣበት ይታወቃል። ሸክላ ሠሪውን፣ ብረት ቀጥቃጩን፣ እነዚያን የኦሪት ሰዎች ቡዳ ነበር የሚሏቸው። ዓይናቸው ሰው ይበላል፣ ማታ ጅብ ይሆናሉ ይባላል። መሰረት ያደገችው አዲስ አበባ ቀበና ነው፣ ሸክላ ሠሪ በዓይኗ አይታ አታውቅም፣ ጅብም ያየችው በድምፁ ነው። ይሁንና ባለፈው ክረምት ድመቷ ጠፍታ ነበርና ነገሩ ወዲያው ገባት። «ለካ በከንቱ አይደለም» አለች።

ያቺው አፀደ ልጇን ናዝራዊትን ለሩት ልጅ ስትድር እነዚሁ ሴቶች እልል ብለውላታል። ከእስራኤል ዘር ተዛመደች ብለው በቤተክርስቲያኑ ምሳ ላይ ከፊት ወንበር አስቀምጠዋታል። አሁን ታዲያ አንዷ ይሄን አስታውሳ፣ አይሁድ አይሁድ አይደል ወይ ብላ ብትጠይቅ፣ መሰረት መልስ አላጣችም።

«የነጮቹ ሌላ ነው» አለች። «የሚበሉት የእኛዎቹ ናቸው።»

ከዛ ወዲያ ለአፀደ ዓለም ጠበበች። ለመሰረት የላከችው ምስር ወጥ በነክዳኑ፣ ፌስታሉ ሁለት ጊዜ ተቋጥሮ፣ ደጃፏ ላይ ተቀምጦ ጠበቃት። የመሰረት ልጅ ሕፃኗን በጋሪ እየገፋች ስታልፍ አፀደን ካየች የጋሪውን ጣሪያ እስከታች ነው የምትስበው፣ ልጅቷ ታፍና እስክትጮህ። ቤተክርስቲያን ውስጥ አጠገቧ ያለው ወንበር ባዶ መሆን ጀመረ። ማንም ምንም አይላትም። ደህና ነሽ ይሏታል፣ እግዚአብሔር ይመስገን ትላለች፣ ከዛ ልጃቸውን በቀሚሳቸው ይጋርዳሉ።

የሚያበግናት ደግሞ አለመሆኗ ነው። አፀደ የክርስቲያን ልጅ ናት፣ ማተብ አንገቷ ላይ ተበጥሶ የማያውቅ፣ አባቷ ደብር ያገለገለ። እናቷ እነዚያን ሰዎች ሰላም ስትል እንኳ ፊቷን ዘወር አድርጋ ነበር። አሁን እሷ በእነሱ ስም ትታማ? ወጥታ አጥሩ ጋ ቆማ አይደለሁም ብላ ብትጮህ ደስ ባላት። መጮህ ግን አትችልም። አይደለሁም ካለች፣ የልጅ ልጇ የሊያ ነገር ያበቃለታል።

ነገሩ እንዲህ ነው። በእነሩት ሕግ ልጅ የምትቆጠረው በእናቷ ነው። አባት የፈለገውን ይሁን፣ እናት አይሁድ ካልሆነች ልጅ አይሁድ አይደለችም። ናዝራዊት ከሩት ልጅ ከዳንኤል ጋር የተዋደደች ጊዜ ሩት ወር ሙሉ አላነጋገረቻቸውም፤ ዳንኤል እናቱ በር ላይ ቆሞ ደውሎ ደውሎ ይመለስ ነበር። ናዝራዊት ክብደት ቀነሰች፣ ከሥራ መጥታ ወደ ግድግዳ ዞራ መተኛት ሆነ። እንደምንም ብለው ሩትን ለአንድ ሻይ ወደ አፀደ ቤት ሲያመጧት ታዲያ ቴሌቪዥኑ ተከፍቶ ነበር። ጎንደሬ አይሁዶች ነጭ ለብሰው ከአውሮፕላን ሲወርዱ፣ መሬት ሲስሙ ያሳያል፤ ያን ሰሞን ዓለም ሁሉ ያየው ነገር ነው። ሩት እንባዋ ፈሰሰ። አፀደ እንባውን አየች፣ ልጇን አየች፣ ጣቷን ወደ ቴሌቪዥኑ ቀሰረች።

«እነሱ የእኔ ሰዎች ናቸው» አለች። «እኔም ነኝ። ስንሸሽ ደብቀነው ነው።»

በቃ። ሩት ተነስታ አቀፈቻት። የሩት ራባይ፣ ቄሳቸው ማለት ነው፣ ሩትን አመኑ፣ ሩት አፀደን አመነች፣ ናዝራዊትም ልትዳር ነውና እናቷን አመነች። ቤተክርስቲያን መሄዱን አፀደ አልተወችም፤ ለሩት የአዛውንቶች ስፖርት ነው ትላታለች። ሩት በስፖርቱ በጣም ነው የምትደሰትላት። እሁድ እሁድ ነጭ ለብሶ የሚሠራ ምን ዓይነት ስፖርት ነው ብላ አልጠየቀችም።

አሁን ሊያ አስራ ሁለት ሊሞላት ነው። በአይሁድ ሴት ልጅ አስራ ሁለት ሲሞላት ባት ሚትስቫ ይሉታል፣ ቆማ ከኦሪት ታነባለች፣ ከዛ ወዲህ እንደ ትልቅ ሰው ትቆጠራለች። ልጅቷ ዓመት ሙሉ ስታጠናው ኖራለች፣ ሻወር ውስጥ ሳይቀር ታዜመዋለች። ሩት ደግሞ «እዚሁ ምኩራብ አነበበች፣ ኬክ ተቆረሰ፣ በቃ» በሚለው አልረካችም። የእሷ ወገን መንደር ፖላንድ ነው፣ ሂዳ አይታዋለች፣ መቃብር እንኳ አልቀረላቸውም፤ መኪና ማቆሚያ ሆኗል። «የአንቺ ግን አለ» አለቻት አፀደን፣ እጇን ይዛ። «የአንቺ ሰዎች መቃብር ቆሟል። ሊያ አንድ መቃብር ላይ ቆማ እዚህ ነው የመጣሁት ትበል።» በመስከረም የትምህርት ቤት ረፍት ጎንደር፣ ከጎንደር ኢየሩሳሌም፣ ንባቡ እዛ በጥንቱ ቤተ መቅደስ ግንብ ሥር። ዕቅዱ ይሄ ነው። አፀደ እዛ መንደር ሂዳ መወለድ አለባት።

ይሄን ጉድ የሚያውቅ አንድ ሰው ብቻ ነው፣ ሂንድ። ሂንድ የደሴ ሰው ናት፣ እስላም፣ ካርልተን የመንግሥት ፎቅ ላይ ነው የምትኖረው። ከአፀደ ጋር ገዳሪፍ መጠለያ ካምፕ አንድ ዳስ ውስጥ ነው የተኙት፣ አንድ ብርድ ልብስ ተጋፍፈው። እዛ ካምፕ ሂንድ ሻይ ትሸጥ ነበር። ከሻይ ደንበኞቿ ደግሞ ብዙዎቹ እነዚያው የጎንደር አይሁዶች ነበሩ፣ ስማቸውን ደብቀው የተቀመጡ። ሻይ የምትሸጥ ሴት የማታየው ነገር የለም። ቅዳሜ እሳት አይነኩም፤ አርብ ከመሸ በፊት በፔርሙስ ታደርግላቸዋለች። ሌላ ሰው ያረደውን ሥጋ አይበሉም፣ እሷም አትበላም፣ በዛ ተግባብተዋል።

አፀደ ትራሙን ይዛ ሂንድ ጋ ሄደች። ሂንድ የካምፑን ነገር እየቆጠረች አስጠናቻት። ቅዳሜ እንዲህ፣ ከገበያ ስትመለሺ እንዲህ፣ ሴት በወር አበባዋ ጊዜ ለብቻዋ ጎጆ ትወጣለች፣ የውጭ ሰው የነካ ወንዝ ወርዶ ሳይታጠብ አይገባም። የሰው ስም ግን አትጥሪ አለቻት፤ ስም የጠራሽ እንደሆነ ዘመድ ይወጣለታል። አፀደ እንደ ትምህርት ቤት ልጅ ደጋግማ ወጣችው፣ ሊያ ኦሪቷን እንደምትወጣው። አፀደ ስትሳሳት ሂንድ ትስቅባታለች፣ ስትመልስ ደግሞ በርቺ ትላታለች። ለድካሟ የጠየቀችው አንድ ነገር ነው።

«እኔንም ውሰጂኝ» አለቻት። «አል አቅሷ አንድ ጊዜ ብቻ ልስገድ። የራሴን እከፍላለሁ፣ ከእናንተ ጋር ልግባ እንጂ። ብቻዬን እንደሆነ አያስገቡኝም።»

«ቀድሜ ለሩት ነግሬልሻለሁ» አለች አፀደ። አልነገረቻትም።

ዕቅዱን ለመጨረስ እሁድ ምሳ አፀደ ቤት ተቀጠረ። ዳንኤል ሊያን ይዞ ንባብ ልምምድ ሄዷል። ሩት ካርታ ይዛ መጣች፣ የራሷን ምግብም በራሷ ሰሃን ይዛ፤ አፀደ ቤት ያለው ሰሃን ሁሉ ያው ምን እንደነካው አይታወቅም ብላ ሳይሆን ሕጓ ነው። ሂንድ ከካርልተን መጣች፣ ሥጋ እንደማትነካ ይታወቃል። ናዝራዊት ለማስተርጎም አለች። እንዲህ ብለው ሲቀመጡ በሩ ተንኳኳ፣ መሰረት ናት። የሩትን መኪና በመስኮት አይታ፣ ድሮ የላክሽልኝ ድስት ክዳን እኔ ጋ ቀርቶ ነበር ብላ። ክዳኑን ሰጥታ አልወጣችም። የራሷን የውሃ ጠርሙስ ከቦርሳዋ አውጥታ ጭኗ ላይ አድርጋ ሶፋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች። ብዪ ስትባል ጾም ነኝ አለች፣ በእሁድ፣ ያውም በበዓለ ሃምሳ።

ሩት ያመጣችው ሌላ እንግዳም ነበር። ደመላሽ ይባላል። የሩት እናት የምትጦርበት የአዛውንቶች ቤት ውስጥ ሺፍት የሚሠራ፣ ቁጥብ፣ ሽበት ጣል ጣል ያደረገበት ሰው ነው። ሩት ጎንደሬ ቤተ እስራኤል መሆኑን ስትሰማ በደስታ ልትሞት ነበር። መንገድ ይመራናል፣ መንደሩን ያውቃል፣ ከዛው ነው የተወለደው አለች። አፀደ ይሄን ስትሰማ ሂንድ ከጎኗ በክርን ጎሸም ባታደርጋት ኖሮ ትሪውን ትጥለው ነበር።

ደመላሽ ጨዋ ነው። ከመቀመጡ በፊት ጎንበስ ብሎ እጅ ነሳ፣ እትዬ አላት፣ አንቱ አላት። የማን ልጅ እንደሆነች ጠየቀ። አባቴ በልጅነቴ ሞተ፣ እናቴ ሸክላ ትሠራ ነበር አለች፣ ስም አልጠራችም። ቅዳሜ ምን እንደሚበሉ ጠየቃት፣ አርብ የተጋገረ ዳቦ አለችው። ከገበያ ስትመለሱስ አላት፣ ወንዝ ሳንወርድ ደጅ አንረግጥም አለች። ናዝራዊት እየተረጎመች፣ ሩት በየመልሱ እጇን ደረቷ ላይ እያደረገች። ሂንድ ኮራ ብላ የሰላጣ ቅጠል ታኝካለች፣ ልጇ ክፍል አንደኛ የወጣችላት እናት ትመስላለች። መሰረት ደግሞ መልስ በተመለሰ ቁጥር ትንሽ ትንሽ እያለች ወደ በሩ ትጠጋለች።

አፀደም ሞቅ አላት። የፈራችው ሁሉ እንዲህ ቀላል ነው እንዴ አለች በልቧ። ሰዉ ሁሉ አፏን እያየ ነው። ሩት በዛው መሀል ጣልቃ ገብታ ስለ ሸክላው ንገሪን አለቻት፤ እናትሽን፣ እጇን፣ ገንቦውን፣ ትዝ የሚልሽን። ይሄን ሂንድ አላስጠናቻትም። ቢሆንም ሸክላ ያልነበረበት ቤት የለም፣ አፀደም ትዝ የሚላትን አወራች። እውነተኛ ትዝታ ስለነበረ አፏ ላይ ጣፈጣት።

«እናቴ አዲስ ገንቦ እንዲሁ ቤት አታስገባም ነበር» አለች። «መጀመሪያ ደጅ ታሳድረዋለች። ከዛ አፉን ደፍታ በበርበሬ ጭስ ታጥነዋለች፣ እኛን ልጆቹን ወዲያ በሉ እያለች። ዓይናቸው አብሮ ገብቶ እንዳይበላን።»

ናዝራዊት አፏን ከፍታ ቀረች። አማርኛዋ የዋዛ አይደለም፣ ኮረዳ ሆና ነው ወደዚህ አገር የመጣችው። ዓይናቸው። የማን ዓይን? እናቷን አየች፣ ሩትን አየች፣ ከመጋረጃው ላይ የተሰቀለውን የሊያን አዲስ ነጭ ቀሚስ አየች። ይሄ ሁሉ ጉሮሮ እስኪጠረግ ድረስ ያለ ጊዜ ነው የፈጀው። ከዛ በእንግሊዝኛ ለአማቷ፣ እያንዳንዱ ገንቦ ላይ እናቴ ትጸልይበት ነበር ነው የምትለው አለቻት። ሩት እንባዋን ጠረገች። ናዝራዊት ዕድሜዋን ሙሉ እናቷን ስታምን ኖራ፣ መዋሸት ለመልመድ ከአንድ ትንፋሽ በላይ አልወሰደባትም። ደም የሚባል ነገር አለ።

ደመላሽ ሹካውን አስቀመጠ። ፊቱ ላይ ምንም የለም።

«ከማን ነበር የምትገዙት?» አለ በአማርኛ።

አፀደ ያን ጊዜ ነው የሰማችው፣ ራሷ ያለችውን። ሸክላ ሠሪ ሸክላ አይገዛም። የገዛ እናቱን ገንቦ በበርበሬ የሚያጥን የለም። ሂንድን ፈለገቻት በዓይኗ፣ ሂንድ ግን ሰሃኗን ነው የምታየው። ይሄ ካምፕ ውስጥ ያልነበረ ነገር ነው።

«ከእናቴ ነበር የምትገዙት» አለ ደመላሽ፣ ድምፁን ሳይጨምር፣ ወደ ሩት ፈገግ እያለ። «በመንደራችን የምትሸጠው እናቴ ነበረች፣ ገበያ ትወጣ የነበረችው። ስትመለስ ልጆች መንገድ ላይ ጠብቀው ድንጋይ ይወረውሩባታል። ግንባሯ ላይ ጠባሳ ነበራት። ዕድሜሽ ከወርዋሪዎቹ ጋር ይገጥማል።»

አንቱታው እዛው ጠፋ። በአፍ ሳይሆን በጥፊ የመታት ያህል ነው የተሰማት፣ አንቺ ስትባል። ሩት ምን አለ አለች። ናዝራዊት እናቱ እዛው መንደር ነው የተቀበረችው ይላል አለቻት። ያውም ውሸት አልነበረም። ሩት በሐዘን አንገቷን ደፋች።

ደመላሽ ቀጠለ፣ ሰላጣ አንሳልኝ የሚል ሰው ይመስላል። «የልጅ ልጅሽ ምንም አላደረገችኝም። እወስዳችኋለሁ። እናቴ መቃብር ላይ ነው የማቆማችሁ። ተንበርክከሽ እናቴ ብለሽ ታለቅሺያታለሽ፣ ድምፅሽን ከፍ አድርገሽ፣ እነዚህ ፎቶ ያነሱሻል። እኔ አጠገብሽ ሆኜ እሰማለሁ።»

አፀደ «እሺ» አለች።

«አልሰማሁም።»

«እሺ አልኩ።»

ደመላሽ ወደ ሩት ዞረና በጥሩ እንግሊዝኛ፣ እትዬ አፀደ የማስታወስ ችሎታቸው ድንቅ ነው፣ አንድ ነገር አልረሱም አላት። ሩት ደስ ብሏት ጭብጨባ ቀረሽ ሆነች።

በዚህ ሁሉ መሀል መሰረት ቀስ በቀስ እየበራላት ነበር። ለካ አፀደ ፈላሻ አይደለችም። ለካ ነጮቹን ነው የምታታልለው። ፊቷ ፈታ አለ፣ የውሃ ጠርሙሷን ቦርሳዋ ውስጥ መልሳ ተነሳችና እጇን ታጠበች። ከዛ ጠረጴዛው ጋ ቀርባ ምስሩን፣ ሽሮውን፣ ጎመኑን ትልቅ አድርጋ አነሳች። ጾሙ የት እንደሄደ እንጃ። «ቀድመሽ አትነግሪኝም ነበር?» አለቻት አፀደን በጆሮዋ፣ «ልቤን አቁመሽው ነበር እኮ።» መብላት ስትጀምር ታዲያ ነጠላዋን ከፍ አደረገችና በደመላሽ በኩል አፏን ጋረደች። ደመላሽ አየው። አፀደም አየች። የምትታማበት ነገር ከእሷ ላይ ተነስቶ ወንበር ተሻግሮ ሲቀመጥ አየችው፣ እና ጉድ ነው፣ ቀለላት። ሳቅ ሳቅ ሁሉ አላት። ወንበሯ ተመለሰላት፣ ሊያ ታነባለች፣ ጎረቤቷ ከእጇ ትበላለች። የሞተች ሴት ጥላ ሥር ገብታ ድናለች።

ሩት ካርታዋን አጥፋ፣ ነገ ጠዋት ትኬቱን ቡክ አደርጋለሁ አለች። ሰዉን በጣቷ እየቆጠረች፣ እኔ፣ አፀደ፣ ናዝራዊትና ዳንኤል፣ ሊያ፣ ደመላሽ አለችና አቆመች። ሂንድ ሻሿን አስተካከለች። ገና ከጠዋት ጀምሮ የጠበቀችው ቦታ ነው። በእንግሊዝኛዋ፣ እንደ ሻይ ሽያጯ ጊዜ አጠር አድርጋ፣ «እኔስ?» አለች።

ሩት ግራ ተጋብታ አፀደን አየቻት። ምንም ያልተነገራት ሰው አስተያየት ነው። ሂንድም ያን አስተያየት አየችው። ሩት ክፉ ሰው አይደለችም፣ በሚያምር ቃል ነው ያለችው፣ በዚህ ጊዜ እዛ አየር ማረፊያ ለአንዲት እስላም ሴትዮ እንደሚያስቸግር፣ ሁላችንንም እንደሚያቆሙን፣ ልጅቷም ንባቧ ሊያመልጣት እንደሚችል። ሂንድ አፀደን ነው የምታያት። ብርድ ልብስ የተጋፈፈቻት፣ ያስጠናቻት፣ ቃል የገባችላት ናት። አንድ ነገር ትላለች ብላ ጠበቀች።

አፀደም አለች። ሩት እንዳትከፋባት ነው፣ ወይም ድና የተረፈ ሰው ምላስ ስለማያርፍ ነው፣ ብቻ በዛ በተሰባበረ እንግሊዝኛዋ ሁሉም እንዲሰማ አድርጋ አለችው።

«ሂንድን ሻንጣ ውስጥ ከተን እናስገባታለን። እነሱ ደግሞ ቦምብ ነው ብለው ሻንጣውን ያፈነዱታል።»

መሰረት ጎመኑ ከአፏ እስኪወጣ ሳቀች። ሩት አፏን በእጇ ይዛ አይባልም አይባልም እያለች ትከሻዋ ተንቀጠቀጠ። ደመላሽ ሳይቀር ፈገግ አለ፤ ለአንዴ እንኳ የሚሳቅበት ሰው እሱ አይደለም። ናዝራዊት ብቻ ነች «እማዬ» ያለችው፣ እሷም በቀስታ።

ሂንድ ሳቁ እስኪያልቅ ጠበቀች። ለራሷ ውሃ ቀዳች፣ ጠጣች፣ ብርጭቆውን አስቀመጠች። ከዛ አማርኛውን ተወችና፣ ለሩት እንዲገባት ቃሉን እየቆራረጠች፣ በእንግሊዝኛ ተናገረች።

«እኔ በሻንጣ ልግባ አፀደ፣ ግድ የለም፣ ሻንጣው የራሴ ነው። አንቺ ግን የምትገቢው በደመላሽ እናት ስም ነው።»

ሩት ወደ ናዝራዊት ዞረች፣ እንደለመደችው። የተባለው በእንግሊዝኛ ነበርና፣ ናዝራዊት የምትተረጉምላት ነገር አልነበራትም።